«እምነቴ እስኪጠነክር ድረስ ከጉባኤው ልራቅ?»

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ያገለገልሁ ነኝ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ልቤ ቀዝቅዟል፤ በቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ይባክናል፣ ስጸልይም ቃሉ ከከንፈሬ አያልፍም። በዚያ ላይ በአገልጋዮች መካከል ያየሁት መናናቅና መገፋፋት አሳዝኖኛል። ስለዚህ እምነቴ እስኪጠነክር ድረስ ቤቴ ሆኜ መጸለይንና በስልኬ ስብከት መስማትን መርጫለሁ። ባዶ ልብ ይዞ ከሕዝብ ጋር መቆም ግብዝነት ይመስለኛል። ተሳስቻለሁን? እምነቴንስ እንዴት ላጠንክር?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ ጸሎት ጊዜያት፣ ስለ ጾምና ስለ ስግደት ያደግሽበት ስለሆነ እዚህ አላነሣውም። ልዘገይበት የምፈልገው «እምነቴ እስኪጠነክር ድረስ» ያልሽው ነው። ይህን አነጋገር ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁ፤ የሚናገሩትም በአብዛኛው ግድየለሾች ሳይሆኑ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ በፊቱ እንዲሁ መቆም የሚከብዳቸው ሰዎች ናቸው። ትሕትና ስለሚመስልም ስሕተትነቱ በቀላሉ አይታይም። ከሥሩ ግን፣ እምነት ማለት ሰው ለብቻው ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ ጉባኤው ይዞት የሚገባ ነገር ነው የሚል አሳብ አለ። ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያሳዩን መንገድ ከዚህ የተለየ ነው፤ የደከመ እምነት የሚታከመው በጉባኤው መካከል ነው።

ቅዱስ ቶማስን እናስብ። ጌታችን በትንሣኤው ዕለት ማታ ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ ቶማስ አብሯቸው አልነበረም። የት እንደ ነበረ ወንጌላዊው አልነገረንም። «ጌታን አየነው» ባሉት ጊዜ የመለሰላቸው መልስ ግን ተጽፎልናል፤ የችንካሩን ምልክት ካላየሁ፣ ጣቴንም ካላገባሁበት፣ እጄንም በጎኑ ካላገባሁ «አላምንም» አለ (ዮሐ. 20፥25)። ሰባክያን ብዙ ጊዜ ከዚህ ቃል ተነሥተን በቀጥታ ወደ «ጌታዬ አምላኬም» እንሻገራለን፤ በመካከሉ ያለውንም አጭር ቃል ሳናየው እናልፈዋለን። «ከስምንት ቀን በኋላም ደቀ መዛሙርቱ ደግመው በውስጥ ነበሩ፥ ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል (ዮሐ. 20፥26)። አላምንም ብሎ በግልጽ የተናገረው ሰው በስምንተኛው ቀን የተገኘው የት እንደ ሆነ ልብ በዪ። ሌሎቹ ያዩትን እርሱ አላየም፤ የሚመሰክሩትን ሊመሰክር አይችልም፤ ደስታቸውም የእርሱ ደስታ አልሆነም። እንዲህ ሆኖ ሳለ በመካከላቸው ነበረ። እነርሱም አምነህ ስትጨርስ ና ብለው አላራቁትም።

ጌታችን ለቶማስ ብቻውን ሊገለጥለት ይችል ነበር፤ ለስምዖን ጴጥሮስ እንደ ተገለጠለት ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናልና (ሉቃ. 24፥34)። ቶማስን ግን በወንድሞቹ መካከል አገኘው፤ ቁስሉንም በእነርሱ ፊት አሳየው። ቶማስ አንቺ እንዳሰብሽው አስቦ «እምነቴ እስኪመለስ ድረስ ልራቅ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው መገለጥም እንደ መጀመሪያው እርሱ በሌለበት ባለፈው ነበር። አንድ ጊዜ መቅረቱ ምን እንዳሳጣው ካየን፣ ሁለተኛ ጊዜ አለመቅረቱ ምን እንዳስገኘለት ማየት አለብን።

በቅፍርናሆም የተፈወሰውም ሽባ እንዲሁ ነው። አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ሊያቀርቡት ባልቻሉ ጊዜ ጣራውን አንሥተው ከነአልጋው አወረዱት። ቅዱስ ማርቆስ «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል (ማር. 2፥5)፤ የእርሱን ብቻ አላለም። ሽባው እምነት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ጌታ ወዳለበት ለመድረስ ግን የእርሱ ብቻ አልበቃም፤ የወንድሞቹ ትከሻ አስፈልጎታል። አንቺ የምትፈልጊው ራስሽን ተሸክመሽ መድረስን ነው፤ እንዲህ ብሎ ማንም አላዘዘሽም።

አንድ ልጃቸውን በድንገት የቀበሩ አባት አውቃለሁ። ለብዙ ወራት «አባታችን ሆይ» ሲደረስ ከሕዝቡ ጋር ይጀምሩና «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ይገጥሙ ነበር፤ ያን ቃል ለእግዚአብሔር ሊሉት አልቻሉም። በግራና በቀኛቸው የቆሙት ግን ይሉታል፤ «የዕለት እንጀራችንን» ሲባል እርሳቸው እንደ ገና ይቀላቀላሉ። ከዚያ በአንድ ሰንበት ያን ቃል በለሆሳስ ሲሉት ሰማኋቸው። ከቅዳሴ በኋላ ምን እንደ ተለወጠ ብጠይቃቸው «ሰው ሁሉ ስለ እኔ ሲለው ከረመ» አሉኝ። እኒህ ሰው ልባቸው እስኪፈታ ድረስ ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ ያን ቃል ማን ይልላቸው ነበር?

ባዶ ልብ ይዞ መቆም ግብዝነት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ጌታችን ግብዞች ያላቸው ለሰው ይታዩ ዘንድ ቆመው መጸለይ የሚወዱትን ነው (ማቴ. 6፥5)። ልቧ የቀዘቀዘባት ሴት ቅዝቃዜዋን ሳትሸሽግ በእግዚአብሔር ፊት ብትቆም ማንን አታለለች? በቅዳሴ «እግዚኦ ተሠሃለነ» እያልን ምሕረትን የምንለምነው ሁሉ የጎደለን ሰዎች ሆነን ነው። ልጁ ክፉኛ የሚሠቃይበት አባት እየጮኸ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ባለ ጊዜ (ማር. 9፥24) እምነቱንና አለማመኑን አንድ ላይ አቀረበ፤ ጌታችንም አስቀድመህ አለማመንህን አስወግድ ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት። የሐሳብሽንም መባከን በተመለከተ፣ በባከነ ቁጥር መመለስ ነው እንጂ እንደማይባክን ሆኖ መገኘት ከአንቺ አይጠበቅም። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል፣ ካህኑም «አልዕሉ አልባቢክሙ» ብሎ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ሲያዝዝ፣ የወደቀውን ልብ ለማንሣት ነው። አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፤ በቅዳሴ መቆምና ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ አንድ አይደሉም። ስለ መቀበል ሐዋርያው «ሰው ራሱን ይፈትን» ይላል (1ኛ ቆሮ. 11፥28)፤ ይህ ከንስሐ አባትሽ ጋር የምትመክሪበት ነው። ከንስሐ አባት ጋር መምከር ግን ቤት በመቅረት አይሆንም።

ቤት መጸለዩና ስብከት መስማቱ መልካም ነው፤ አትተዪው። ሆኖም የጉባኤው ምትክ አይሆንም። ይህ ሙግት ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ገና በአንጾኪያ ካህን ሳለ «ቤቴም ሆኜ መጸለይ እችላለሁ» የሚሉ ምእመናን ገጥመውታል። እርሱም ቤት መጸለይ እንደሚቻል አልካደም፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን እንደሚጸለየው አድርጎ መጸለይ አይቻልም ብሎ መለሰላቸው፤ በዚያ የብዙዎች ጩኸት እንደ አንድ ልብ ሆኖ ይወጣልና፣ የፍቅር ማሰሪያና የካህናትም ጸሎት አለበትና። እኔ ደግሞ በዘመናችን የማየውን አንድ ነገር ልጨምርበት። በስልክሽ የምትሰሚውን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ያልወደድሽውን ታልፊያለሽ፤ የሚያጽናናሽን ትደግሚያለሽ፤ የሚወቅስሽ ሲመጣ ትዘጊዋለሽ። በቅዳሴ ግን የጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው ምስባክና ወንጌሉ በግጻዌ፣ ማለት በየዕለቱ የሚነበበውን በሚወስነው መጽሐፍ፣ ተሠርተው ይመጣሉ፤ አንቺ አልመረጥሻቸውም። እምነት የሚጠነክረው ሰው ሊሰማ ያላሰበውንም ቃል ሲሰማ ነው። በማያ ገጹ ላይ የሚሰብከው መምህርም፣ የቱን ያህል ዐዋቂ ቢሆን፣ ሁለት ሰንበት ብትቀሪ ወዴት ሄደች ብሎ አይጠይቅም።

ስለ አገልጋዮቹ ያነሣሽውን እንደ ቀላል ነገር አላልፈውም። በቤተ መቅደስ አጠገብ የሚደረግ መናናቅ ከሌላው የበለጠ ያቆስላል፤ ማዘንሽ ተገቢ ነው። ሆኖም ወደ ቶማስ ጉባኤ ተመልሰሽ እነማን እንደ ነበሩበት እዪ። ጌታቸው በተያዘባት ሌሊት ሁሉም ትተውት ሸሽተዋል፤ አንዱ ሦስት ጊዜ ክዶታል፤ በመጨረሻው እራት ላይ እንኳ ከመካከላቸው ማን ታላቅ እንደ ሆነ ይከራከሩ ነበር (ሉቃ. 22፥24)። ጌታችን የተገለጠው በእነዚህ መካከል ነው፤ ንጹሓን እስኪገኙ አልጠበቀም።

በ304 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)፣ የሮም ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖች እንዳይሰበሰቡና መጻሕፍታቸው እንዲቃጠሉ ባዘዘበት ዘመን የሆነ ነገር አለ። በሰሜን አፍሪካ አቢቲና በምትባል ከተማ ጳጳሱ ራሱ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለገዢዎች አሳልፎ ሰጠ። አንድ ምእመን ከአገልጋይ ሊያይ የሚችለው ከዚህ የከፋ ነገር ጥቂት ነው። ምእመናኑ ግን ሳተርኒኑስ ከሚባለው ቀሲስ ጋር በየቤቱ መሰብሰባቸውን አልተዉም፤ 49 ሆነው ተይዘው ወደ ካርታጎ ተወሰዱ። ኤሜሪቱስ የተባለውን አናጉንስጢስ (በጉባኤ መጻሕፍትን የሚያነብ አገልጋይ) ሹሙ ሰዎቹን ለምን ወደ ቤትህ አስገባህ ብሎ ቢጠይቀው፣ ወንድሞቼ ስለሆኑ ልከለክላቸው አልቻልሁም አለ። ልትከለክላቸው ይገባህ ነበር ቢለውም፣ ያለዚህ የጌታ ጉባኤ ልንኖር አንችልም ብሎ መለሰ። የአባታቸው ውድቀት ከጉባኤው አላስቀራቸውም፤ የመሰብሰባቸው ምክንያት ጳጳሱ አልነበረምና።

ይህን ስል በደል ይሸፈን ማለቴ አይደለም። ያሳዘነሽን ሰው ብቻውን አግኝተሽ ንገሪው (ማቴ. 18፥15)፤ ካልሰማሽ ሌሎችን ይዘሽ ሂጂ፤ ነገሩ ከዚያ የከበደ ከሆነም ለሚመለከታቸው አባቶች አቅርቢ። ይህን ማድረግ እምነት ማጣት አይደለም። ዝም ብሎ መራቅ ግን በደሉን እንዳለ ይተወዋል፤ በዚያ ላይ ደግሞ አንድ አባል ያጎድላል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ያላገኘሁትም ይኸው ነው። የጻፍሽልኝ ጉባኤው ለአንቺ ስለሚሰጥሽና ስለሚያሳጣሽ ብቻ ነው። ሐዋርያው ግን «ለፍቅርና ለመልካምም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ፤ በአንዳንዶችም ዘንድ ልማድ እንደ ሆነው፥ መሰብሰባችንን አንተው» ይላል (ዕብ. 10፥24-25)። መተያየት በሌለበት ማን ማንን ያነቃቃል? በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርሻቸው ልጆች ቦታሽ ባዶ መሆኑን አይተዋል። ከእነርሱ አንዷ ልቧ ሲቀዘቅዝ ከቤት መቅረትን ከአንቺ ተምራ ብትቀር ምን ትያታለሽ? ይህን የምለው ላስጨንቅሽ አይደለም፤ ባዶ ነኝ ብለሽ የምታስቢው አንቺ ሳታውቂው ለሌላው ትከሻ እንደ ሆንሽ እንድታውቂ ነው። ደግሞም ሐዋርያው መቅረት «ልማድ» እንደሚሆን ያለውን አስተውዪ። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የተጀመረ መቅረት፣ የሚያበቃበት ቀን ካልተቆረጠለት፣ በራሱ አያበቃም። በሕመም የተኛ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም፣ ሥራው አስሮ የያዘው ሰው ከዚህ ወቀሳ ውጭ ነው፤ ወደ እነርሱ መሄድ የጉባኤው ግዴታ ነው። አንቺ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለሽም።

ስለዚህ በሚመጣው ሰንበት ቅዳሴው ሳይጀመር ተገኚ። እንደ ድሮው ይሰማኛል ወይ እያልሽ ልብሽን አትመርምሪ፤ ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ብለሽ ከሕዝቡ ጋር በድምፅ መልሺ፤ ልብሽ ባይከተል አንደበትሽ ይቅደም። በዚያው ሳምንት ንስሐ አባትሽን አግኝተሽ ለእኔ የጻፍሽውን ሳታሳምሪ ንገሪያቸው፤ የጸሎትሽንም መጠን እርሳቸው ይወስኑልሽ፤ የደከመ ሰው ለራሱ የሚወስነው ወይ ከአቅሙ በላይ ወይ እጅግ ያነሰ ነውና። ወደ ቀድሞው አገልግሎትሽ ለመመለስ አትቸኩዪ። በመጀመሪያ ማንም የማያየውን አንድ ሥራ ያዢ፤ የታመመ መጠየቅ፣ አንዲት ብቻዋን የምትመጣ አሮጊት ደግፎ መመለስ ይበቃል። ያስቀየመሽን አገልጋይ ግን ከቅዳሴው በፊት ፈልገሽ አነጋግሪው፤ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ እንድትሰጣጡ ሲያዝዝ ፊትሽን የምታዞሪበት ሰው አይኑር።