ጉልበት የደረሰ ሣር በአንድ ቀን አያጥርም

ጥያቄ፦ ከቤቴ ፊት ለፊት 5 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የሣር ቦታ አለኝ። ለወራት ሳይነካ ከርሞ አሁን ጉልበቴ ድረስ ደርሷል፤ ዘርም ይዟል። በሞተር ማጨጃ ልገፋበት ብሞክር ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ሣሩ ይጠመጠምበትና ይቆማል። ከሥሩ አጭጄ ልገላገለው ወይስ መሬቱን ገልብጬ እንደ አዲስ ልትከል?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ከግማሽ በላዩ ሣር እስከሆነ ድረስ 40 ካሬ ሜትር መገልበጥ ትርፉ ድካም ነው፤ አፈር ሲገለበጥ ተቀብሮ የኖረ የአረም ዘርም አብሮ ይወጣል።

መጀመሪያ ቁጢጥ ብለው ሣሩን በእጅዎ ከፈል አድርገው ከሥሩ ይመልከቱት። ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ወደ መሬቱ ሲጠጋ ግን ቢጫ፣ ገለባ የመሰለ አገዳ ብቻ ያያሉ። ብርሃን ስለማይደርሰው የታችኛው ቅጠል ረግፏል። ተክሉን የሚመግበው ቅጠል በሙሉ ከላይ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ካጨዱት ያለ ቅጠል ይቀራል፤ በሥሩና በአንገቱ ባጠራቀመው ስንቅ ብቻ እንደገና ለማቆጥቆጥ ይታገላል፣ የሥሩም እድገት ይቆማል። እሱ እስኪያገግም መሬቱ ተራቁቶ ይቆይና ፀሐይ ያገኘ አረም ይቀድመዋል። ስለዚህ ሥራው አረንጓዴውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ማውረድ ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ ያህል ብቻ ይቆረጣል የሚባለውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው አጨዳ ግን ከዚህ ደንብ ሊያልፍ ይችላል። ከላይ ያለው አብዛኛው የዘር አገዳ እንጂ ቅጠል ስላልሆነ፣ 50 ሴንቲ ሜትር የደረሰውን ወደ 20 ቢያወርዱት ተክሉ የሚያጣው ቅጠል የሚመስለውን ያህል አይደለም።

ከማጨድዎ በፊት ወፍራም ጫማ አድርገው፣ በዱላ እየገለጡ ቦታውን ዳር እስከ ዳር ይዙሩት። ድንጋይ፣ ሽቦ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የውሃ ጎማ ጫፍ፣ አንዳንዴም እባብ ሊኖር ይችላል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይጀምሩ፤ እርጥብ ሣር ይተኛል እንጂ አይቆረጥም። ለዚህ ስፋት ማጭድ ይበቃል፤ ሣሩን የያዘው እጅዎ ሁልጊዜ ከስለቱ በላይ ይሁን። ባለ ክር ማጨጃ (በስለት ፋንታ በሚሽከረከር ክር የሚቆርጥ) ካለዎት ዓይንዎን በመነጽር ሸፍነው በሁለት ዙር ይሂዱ፦ መጀመሪያ የላይኛውን ግማሽ፣ ቀጥሎ የታችኛውን። ረጅሙን አገዳ በአንድ ጊዜ ከቆረጡት ክሩ ባለበት ራስ ላይ ይጠመጠማል። የታጨደውን በዕለቱ ሰብስበው ያንሡት። ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ከሥሩ ያለውን ሣር ያቢጫዋል።

ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠብቁና አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ሲያዩ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ያውርዱት። ማሽንዎ ያን ያህል ከፍ የማይል ከሆነ ይህንንም ዙር በማጭድ ወይም በባለ ክሩ ይሥሩ። ማሽኑ የሚገባው በሦስተኛው ዙር ነው፤ ከፍታውን ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ያስተካክሉ፣ አብዛኛው ማሽን መጨረሻው እዚያው አካባቢ ነው። በየመስመሩ ግማሹን ስፋት ብቻ እያስገቡ በዝግታ ይግፉ። ቀድሞ ይቆምብዎት የነበረው፣ የማሽኑ አፍ ረጅሙን ሣር ስለት ሳይነካው ስለሚያስተኛው፣ የተቆረጠውም መውጫ ስለሚያጣ ነው። የተጠቀጠቀውን ለማውጣት እጅዎን ከመስደድዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱን። ይህን ከልብ እንለምንዎታለን፤ የጠፋ ሞተር እንኳ ስለቱ በእጅ ሲገፋ ሊነሣ ይችላል።

በማግስቱ የአንዱን ቅጠል ጫፍ ቀረብ ብለው ይዩ። የተቆረጠበት ቦታ ልሙጥ ከሆነ ስለቱ ደህና ነው። ነጫጭ ክር የመሰለ ጭረት ካለው ስለቱ ሣሩን እየበጨቀው እንጂ እየቆረጠው አይደለም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ጫፉ ሁሉ ይደርቅና ሜዳው ግራጫ ይመስላል። ስለቱን አውጥተው ይሞርዱት፤ ሁለቱንም ጎን እኩል፣ ሚዛኑ እንዳይዛባ።

የመጨረሻው ቁመት እንደ ሣሩ ነው። መሬት ለመሬት ለሚሳብ እንደ ሰርዶ ላለ ከ3 እስከ 4፣ ቀጥ ብሎ ለሚያድግ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር። ለሰርዶም ቢሆን ከ9 ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 4 እያሉ ይውረዱ።

ጥያቄ፦ ሣሩን አሳጥሬዋለሁ። ግን ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፣ የማጠጣውም ውሃ ላይ ላዩን ይፈስሳል። እዚህም እዚያም ራሰ በራ ቦታ አለ።

መልስ፦ በቢላዋ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁራጭ እንደ ዳቦ አውጥተው ከጎኑ ይዩት። በአረንጓዴውና በአፈሩ መካከል ቡናማ፣ የተጠላለፈ የሞተ አገዳና ሥር ንጣፍ አለ። እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም እርጥበት ይይዛል። ከ1.5 ካለፈ ግን ውሃ አያሳልፍም። ባለ ጥርስ የብረት መቧጠጫ ይዘው መጀመሪያ በርዝመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ ይቧጥጡት። ሲጨርሱ ሜዳው የተጎሳቆለ ይመስላል፤ አይደንግጡ። ይህ የሚሠራው ግን ሣሩ በደንብ በሚያድግበት ወቅት ብቻ ነው፤ በድርቅ ወቅት የተቧጠጠ ሣር ላያገግም ይችላል።

ከዚያ በመንሽ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትሩ እየወጉ እጀታውን ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙ። አፈሩ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር መሆን አለበት፤ ጭቃ ላይ ከሠሩ የቀዳዳው ግድግዳ ይለሰንና ይብስበታል። በላዩ የተነፋ ኮምፖስት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበትኑ። ለ40 ካሬ ሜትር ባለ 20 ሊትር ባልዲ 10 ይበቃል።

ራሰ በራውን ከራሱ ከሣሩ መሙላት ይቻላል። ሰርዶ ከሆነ ዳር ላይ ከተሳበው ሐረግ ሁለት ሦስት አንጓ ያለውን ቆርጠው፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አንጓው አፈር ውስጥ፣ ጫፉ ውጪ ሆኖ ይትከሉ። ለሁለት ሳምንት አፈሩ እንዳይደርቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጠጡ።

ጥያቄ፦ ፀረ አረም ልርጭ? ዩሪያስ?

መልስ፦ ቀጥ ብሎ የሚያድገው አረም አብዛኛው በየሳምንቱ ሲታጨድ ራሱ ይሞታል፤ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ወር ይስጡት። ግላይፎሴት የሚባለው ፀረ አረም አረሙንም ሣሩንም ይገድላል። ቱ-ፎር-ዲ (2,4-D) የሚባለው ደግሞ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ይመታል እንጂ እንግጫን አያጠፋም። ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም ሥር ያለውን አረም፣ ውሃ ባጠጡ ማግስት በረጅም ቢላዋ ከሥሩ ይንቀሉት፤ ግማሹ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል።

ዩሪያን ከሦስተኛው አጨዳ በፊት አይስጡ። መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ነው፤ ለ40 ካሬ ሜትር 400 ግራም። ግማሹን በርዝመት፣ ግማሹን በወርድ እየሄዱ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ይበትኑና ወዲያው ያጠጡ። ቅጠል ላይ የቀረ ፍሬ ያቃጥላል፤ በእፍኝ አንድ ቦታ የወደቀውም ክብ ቡናማ ምልክት ይተዋል።

ዝናብ ከሌለ በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለአብዛኛው ሣር ይበቃል፤ በጠዋት፣ ሁለት ቀን ተከፍሎ። ባዶ ቆርቆሮ ሜዳው ላይ አስቀምጠው የተጠራቀመውን በማስመሪያ ይለኩ።

ጥያቄ፦ የታጨደውን ሣር ኮምፖስት ላድርገው?

መልስ፦ አዎ፣ ግን ለብቻው አይከምሩት፤ አየር አጥቶ ይበሰብስና ይሸታል። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሣር ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ይቀላቅሉ። ዘር የያዘውን የመጀመሪያውን አጨዳ ለይተው ያስወግዱ። በደንብ ያልጋለ ክምር ዘሩን አይገድለውም፤ ከኮምፖስቱ ጋር ተመልሶ ሜዳዎ ላይ ይበቅላል።