ዮሐኒስክራውት ወይስ ጦስኝ?

እህቴ፣ «ብርዱና ጨለማው ከገባ ወዲህ ድብርት ይዞኛል፤ ክኒን መዋጥ ስለማልፈልግ ዮሐኒስክራውት (እዚህ ጀርመን ለድብርት የሚወሰደው ቅጠል) ልሞክር ወይስ ከአገር ቤት ጦስኝ ላስልክ?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ጀርመን ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።

ጦስኙን እማዬ በሰው ላከችልኝ። ማታ ማታ በማር እጠጣው ነበር፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላው እናቴ ጓዳ ያለች ይመስለኛል። ድብርቱን ግን አላነሳልኝም። ጤና አዳምም አብሮ ከመጣልሽ ቡናሽ ላይ ጣል አድርጊ እንጂ እያፈላሽ በብዛት አትጠጪ። እርጉዝ ከሆንሽማ ጨርሶ አትንኪው።

ዮሐኒስክራውት ሌላ ነው። (ስሙን ስሰማ የመስከረም 1ዱ ቅዱስ ዮሐንስ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። የእነሱ ጁን 24 ነው፣ አበባውም የሚፈካው ያኔ ነው። የእኛ ደጋ አሜጃ ዘመዱ ነው፤ ግን አንዱ በሌላው አይተካም።) መጀመሪያ ሻዩን ከሱፐርማርኬት ገዝቼ ሁለት ወር ጠጣሁ፤ ምንም። በኋላ ከመድኃኒት ቤት በቀን 900 ሚሊግራም የሆነውን ጀመርኩ። በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ከአልጋ መውረድ ቀለለኝ።

ግን ስገዛ ፋርማሲስቷ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትለኝ «የለም» ብያት ነበር። የወሊድ መከላከያዬን እንደ መድኃኒት ቆጥሬው አላውቅማ! ብዙም ሳይቆይ ያለ ጊዜው ደም አየሁ። የማህፀን ሐኪሜ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፦ ቅጠሉ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፣ የመከላከያውም ጉልበት ይወርዳል። አቆምኩት። ካቆሙት በኋላም ሳምንታት ስለሚቆይ፣ ያን ሰሞን ባለቤቴ አኩርፎ ከረመ።

የእኔስ ቀላል ነው። የደም ማቅጠኛ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወይም ኩላሊት የተቀየረለት ሰው የሚውጠውን የሚወስድ ይህን ቅጠል ቢደርብ አደጋው ከባድ ነው። ከሐኪም የድብርት ክኒን ጋርም አብሮ አይወሰድም፤ ያንቀጠቅጣል፣ ላብ በላብ ያደርጋል፣ ልብ ያስደልቃል። ምን እንደምትወስጂ እዚህ ሰው ፊት መጻፍ የለብሽም፤ ለፋርማሲስቷ ግን አንድ ሳታስቀሪ ንገሪያት።

ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ «መኖርም ሰለቸኝ» ያልሽው አሳስቦኛል። እሱ የቅጠል ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ። ሌሊት ከባሰብሽ 116 123 ደውዪ፤ የጀርመን የስልክ ምክር መስመር ነው፣ ነጻ ነው። ቋንቋው ካስቸገረሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።