የሚጣል ሰሃን ይሻላል ወይስ የሚታጠብ?

ጥያቄ፦ ቤታችን ድግስ በመጣ ቁጥር እኔና እህቴ አንስማማም። እሷ «ለዚህ ሁሉ ሰው ሰሃን እያጠቡ ውሃ ከመጨረስ የወረቀቱን ገዝቶ መጣል ነው፤ ወረቀት እንደሆነ ይበሰብሳል» ትላለች። እኔ ደግሞ ድግሱ ሲያልቅ የሚወጣውን የቆሻሻ ክምር ሳይ ሆዴ አይችልም። ለአካባቢ የሚሻለው የቱ ነው?

መልስ፦ የሚታጠበው ይሻላል፤ ግን ደጋግመው ከተጠቀሙበት ብቻ ነው። እህትዎ ያሉት ውስጥም እውነት አለ።

የሚታጠብ ዕቃ ከፋብሪካ የሚወጣው ዕዳ ተሸክሞ ነው። የሴራሚክ ኩባያ የሚተኮሰው ከ1000 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ነው፤ የወረቀቱ ኩባያ ግን ብትመዝን ጥቂት ግራም ናት። ማርቲን ሆኪንግ የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን አስልተውት ነበር። በሳቸው ስሌት የሴራሚክ ኩባያ በሚፈጀው ኢነርጂ ከወረቀቱ ጋር እኩል የሚሆነው 39 ጊዜ ሲጠጡበት ነው፣ ብርጭቆ ደግሞ 15 ጊዜ ይበቃዋል። ከፎም (ከነጩ ቀላል ፕላስቲክ) ኩባያ ጋር ሲወዳደር ግን የሴራሚኩ ቁጥር 1006 ይደርሳል! ፎም አብዛኛው ነገሩ አየር ስለሆነ ለመሥራት ብዙ አይፈጅም። ይሁንና ስሌቱ የቆጠረው ኢነርጂን ብቻ ነው። ፎሙ ተፈረካክሶ ወንዝና ባሕር መግባቱ፣ ዓሣና ወፍ ምግብ መስሏቸው መዋጣቸው እዚያ ውስጥ የለም።

39 ጊዜ ማለት በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ችግሩ በዓመት አንዴ ብቻ ከቁም ሳጥን የሚወጣው ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ እባክዎ «አካባቢን ልጠብቅ» ብለው አዲስ ሰሃን አይግዙ። ያለዎትን ያውጡ፣ የጎደለውን ይዋሱ ወይም ይከራዩ።

«ወረቀት ይበሰብሳል» የሚለው ላይ ግን ከእህትዎ ጋር አልስማማም። አንድ የወረቀት ኩባያ ውሃ ውስጥ አሳድረው በጣትዎ ላጥ ያድርጉት፣ ከውስጥ በኩል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተላጦ ይወጣል። ፖሊኢታይሊን ነው፤ ኩባያው እንዳያፈስ የሚያደርገው እሱ ነው። ሽፋኑ አይበሰብስም፣ ከወረቀቱ መለየቱም ከባድ ስለሆነ አብዛኛው መልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። ዘይት እንዳያስገቡ የተሠሩ አንዳንድ ሰሃኖች ደግሞ ፒፋስ የሚባሉት፣ ተፈጥሮ ውስጥ በቀላሉ የማይጠፉ ኬሚካሎች አሉባቸው። ወረቀቱ ራሱ አየር በሌለበት የቆሻሻ ክምር ሥር ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። «ከበቆሎ የተሠራ» የሚባለው ፕላስቲክም ቢሆን በደንብ የሚፈርሰው 60 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ የኮምፖስት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሜዳ ላይ ከተጣለ ለረጅም ጊዜ እንዳለ ይቀመጣል።

የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጣሉ የፕላስቲክ ሰሃኖችንና ሹካዎችን ከልክሏል። ብዙ ሻጭ ወደ ወረቀት ዞረ። ፈረንሳይ ግን ከዚያ አልፋ ሄደች፦ ከጥር 2023 ጀምሮ ከ20 በላይ መቀመጫ ያላቸው ፈጣን ምግብ ቤቶች እዚያው ለሚበላ ሰው በሚታጠብ ዕቃ እንዲያቀርቡ አስገድዳለች። ለእኔ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው።

አሁን ወደ እጥበቱ። ኢነርጂውን በአብዛኛው የሚበላው ውሃ ማሞቁ ነው። 10 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ትርፍራፊውን መጀመሪያ ይጥረጉ፣ ዕቃውን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው ይጠቡ፣ ቧንቧ ከፍተው አይተዉ፣ ማለቅለቂያው ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን። ማሽን ካለዎት ሳይሞላ አያስነሱት።

ውሃ በጭራሽ በማይገኝበት ቦታ ከሆነ ድግሱ፣ የሚጣለውን ይጠቀሙ፤ ያኔ እህትዎ ልክ ናቸው። ብቻ ሽፋን የሌለውን ተራ ሰሃን ይምረጡ፣ እንግዳውም ኩባያው ላይ ስሙን ይጻፍበት፤ አንድ ሰው በአንድ ምሽት አምስት ኩባያ የሚጥለው የቱ የእሱ እንደሆነ ስለሚጠፋው ነው።