ሊብሬው በወንድሜ ስም ነው፤ ናይሮቢ ድረስ መንዳት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እህቴ ናይሮቢ ልትዳር ስለሆነ እኔና ባለቤቴ በመኪና ልንሄድ አስበናል። ሊብሬው በወንድሜ ስም ነው፤ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቶኛል። ሁለታችንም ፓስፖርት፣ እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! በቅድሚያ ያንን ውክልና አውጥተው እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ «እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ፣ እንድትከራከር» እያለ ይዘረዝራል። መኪናውን ከአገር ስለማስወጣት ግን ቃል አይተነፍስም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ድንበር ማሻገር በዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም ብሎ ሞያሌ ላይ ቆሞ መከራከር አያዋጣም። 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው ነው እዚያ የሚደርሱት!

ስለዚህ ወንድምዎ አዲስ ውክልና ይስጥዎት። የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ አንድ በአንድ ይጻፍበት። «ወደ ኬንያ ይዛ እንድትወጣና እንድትመልስ» የሚል ይኑረው። ሰነዶች ማረጋገጫ ከጸደቀ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙት፤ ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይቀየር። ይህን ቀላል አድርገው አይዩት። የኛን ዓመተ ምሕረት የሚያይ የኬንያ ሠራተኛ ሰነዱ ከርሞ የቆየ ይመስለዋል። መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት የባንኩ የፈቃድ ደብዳቤም የግድ ነው።

ቢጫ ካርድ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ሁለት ነው። አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ ለሁለታችሁም ያስፈልጋል። ሁለተኛው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የመኪናው መድን ነው። የአገር ውስጡ የሦስተኛ ወገን መድን ሞያሌ ላይ ያበቃል። ይህን ካርድ ከራስዎ የመድን ድርጅት ይገዛሉ። ኬንያ ውስጥ ሰው ቢገጩ የሚሸፍንልዎ እሱ ነው። የራስዎ መኪና ቢጎዳ ግን አይከፍልም። ሙሉ መድን ካለዎት ኬንያ ድረስ እንዲራዘምልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። እዚያ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ይህ ገንዘብ ባክኗል አይባልም።

ዋናው ሊብሬና ያልተቃጠለ ቦሎ እንዳለ ሆኖ የቀረው ጉምሩክ ነው። ከመነሳትዎ በፊት መኪናው ለጊዜው እንደሚወጣ የሚያሳይ ፈቃድ ያውጡ። የኬንያም ጉምሩክ ለጊዜው ለሚገባ መኪና የራሱን ፈቃድ ይሰጣል፤ ክፍያ አለው። ሞያሌ የአንድ ማቆሚያ ጣቢያ ስለሆነ የሁለቱንም አገር ሥራ በሚገቡበት አገር በኩል ነው የሚጨርሱት። የኛን ጉምሩክ አላየሁም ብለው እንዳይደናገጡ፣ በዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው።

ሲመለሱ ያንኑ የኛን ጉምሩክ የመውጫ ፈቃድ ያዘጉ፣ ማኅተሙንም አይተው ይለፉ። ሳይዘጋ ከቀረ በመዝገብ ላይ መኪናው ወጥቶ አልተመለሰም። ያኔ የሚጠየቀው ደግሞ ስሙ ሊብሬው ላይ ያለው ወንድምዎ ነው።