መልስ፦ ለላይቭ አልበም የሚክሰሩ ስቴሪዮ ይበቃል ወይ?
ሰላም ወንድሜ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ለምትቀዱት የአምልኮ አልበም ከሚክሰሩ (የማይኮቹንና የመሣሪያዎቹን ድምፅ ከሚቀላቅለው) ተቀላቅሎ የሚወጣው ስቴሪዮ፣ ማለትም የግራና ቀኝ ድምፅ፣ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። አይበቃም። ያ ድምፅ የተመጠነው ለአዳራሹ ነው። ድራሙ ያለ ማይክም ስለሚሰማ ሚክሰሩ ላይ ዝቅ ይደረጋል፤ ቀረጻው ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱን ማይክ ለየብቻ በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) ቅዱ።

የሕዝቡን ድምፅ ደግሞ አደራ! እልልታው ካልተሰማ ምኑን ላይቭ ሆነ? ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙሩ። እኛ ይህን ረስተን፣ ጉባኤው ሁሉ እየዘመረ ባዶ ቤት የተቀዳ መሰለ።

ከተቻለ ሁለት ምሽት ቅዱ። ድራመሩ በክሊክ (በጆሮው በሚሰማው ቋሚ ምት) ከተጫወተ ፍጥነቱ ሁለቱንም ምሽት አንድ ስለሚሆን የአንዱ ምሽት ስህተት በሌላው ይተካል። ኪቦርድ ከአገር ቤት የምትወስዱ ከሆነ እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ በ220 ብቻ የሚሠራ ከሆነ ትራንስፎርመር ያዙ።