«ይዤው ብወርድስ?»

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንድ የሰፈራችን ልጅ የጠየቀኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እሱና ጓደኞቹ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የደብዳቤ ሳጥን ሊደብቁ አስበዋል። ለማታውቁት፣ ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ደብተርና ማኅተም ያለበት ትንሽ ሳጥን ይደብቅና መንገዱን በእንቆቅልሽ ይጽፋል። ያገኘው ሰው የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን ማኅተም በሳጥኑ ደብተር ላይ አትሞ እንደነበረ ይመልሰዋል። ልጁ ታዲያ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ካገኘሁት ይዤው ብወርድስ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

በ1988 ዓ.ም. የውሃ ልኬት ቴክኒሻን ነበርኩ። የጉማራን ወንዝ ከድልድዩ ላይ ሆነን እንለካ ነበር። አብሮን የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ነበር፣ ይሄን ጨዋታ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። በአገሩ ዳርትሙር በሚባል ደጋ ላይ ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854፣ ክራንሚር ፑል የሚሉት ረግረግ ቦታ ጠርሙስ አኖረ። እዚያ ድረስ የዘለቀ ሰው ስሙ ያለበትን ካርድ ይተውበት ጀመር። በኋላ ሰዉ በራሱ አድራሻ የተጻፈ ፖስታ ካርድ ትቶ ይወርድ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይዞለት ወርዶ ፖስታ ቤት ያስገባለታል። ለማያውቀው ሰው! ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እንግሊዛዊው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ጉና ተራራ ላይ አንድ ሳጥን ደበቀ። ለእኔና ለአንድ ባልደረባዬ አቅጣጫውን በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ጉማራም ርብም የሚነሱት ከጉና ነው፤ «ከታች ስትለኩ ከምትኖሩ ምንጩን እዩት» አለን።

ቀድሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ክምር ድንጋይ አድሬ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። የገብሱ ማሳ አለቀ፣ አስታው አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ጓሳና ጅብራ ብቻ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ሃያ እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። አንድ ባና የደረበ እረኛ ከድንጋይ ሥር ተቀምጦ አገኘሁ። ከኪሱ የገብስ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ። እናቴ ለመንገድ የምትቆላው ዓይነት፣ ጨው የበዛበት። «ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። «ሳጥን» አልኩት። «የማን?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ሦስት ድንጋይ ከተደራረበበት ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ሃያ እርምጃ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበር። ማኅተሙን ከላጲስ ቀርጾ በቡሽ ላይ ለጥፎታል። ታንኳ ነው፤ ቀዛፊው ጎንበስ ብሎ። ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፣ ግን የደንገሉ እሥር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደብተሬ ላይ አተምኩት። ደብተሩንና ቆርቆሮውን መለስኩ። ማኅተሙን ኪሴ ከተትኩት። ማን እዚህ ድረስ ይመጣል አልኩ፣ ባልደረባዬ እንደሚመጣ እያወቅኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሄደ። ጫማው ጭቃ እንደለበሰ ቢሮ ገባና «ማኅተሙ የለም፤ እረኛ ወስዶት ይሆናል» አለ። ዝም አልኩ። ቆሎውን ያበላኝ ሰው በእኔ እጅ ሌባ ተባለ። ባልደረባዬ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ውሃ ያዙ፣ ጃኬት ያዙ አልላችሁም፣ እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ሳትጠይቁ ከከተማ አትውጡ። ሳጥኑ ክዳኑ ጥብቅ ይሁን፣ ደብተሩን በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት፤ ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም መቃብር አጠገብም አትደብቁ። ቤዛዊት ላይ ዓባይ ከጣና ሲወጣ የሚታይበትን ቦታ ምረጡ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነገሩ ምን እንደሆነ በአማርኛ በደንብ ጻፉ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቢያገኘው እሱም ስሙን ይጻፍበት።

የዘንድሮ ወጣት ገና ሳይወርድ ቦታውን ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል፤ ይሄ ያናድደኛል። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ብትወጡ እወድ ነበር። ግን ደግሞ የዚያ እረኛ አንድ ፎቶ ቢኖረኝ ምን ነበረበት እላለሁ፤ ፊቱ ጠፍቶብኛል፣ የማስታውሰው ባናውን ብቻ ነው።

ማኅተሙ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ላጲሱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ትናንት ማታ ቀለም ቀብቼ ብሞክረው የታንኳዋ ግማሽ ብቻ ታተመ፤ ቀዛፊው አልወጣም። ያን ቅዳሜ ለልጁ መልስ ሳልሰጠው ነው የተለያየነው። መልሴ ይሄው ነው።