ከተጣለ ሽቦ «ጨርቅ» መሥራት፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ «ከወዳደቀ የኮምፒውተር ሽቦና ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጨርቅ የሚመስል ቅርጽ ልሠራ ሞክሬ የተዝረከረከ ሽቦ ሆኖ ቀረ፤ ምን ጎደለኝ?» ብለሻል። እኔም በዚሁ ነገር ለዓመታት ተንገላትቻለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የእናቴን ነጠላ ጥለት በሽቦ መገልበጥ ነበር። ሦስት ወር ለፋሁበት። ሲያልቅ አንዱ ጎረቤት አየውና «የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው?» አለኝ። ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የጥለቱን ሥዕል ወሰድኩ እንጂ የክሩን ጠባይ አልወሰድኩም። ድርና ማግ አንዱ በአንዱ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ብርሃን የሚያርፍባቸው በተለያየ አቅጣጫ ነው። ሽቦም እንደዚያው ነው። ያንኑ ሰማያዊ ሽቦ ግማሹን በቁም፣ ግማሹን በአግድም ደርድሪው፤ ሁለት ቀለም ይመስልሻል። ስለዚህ ከቀለም በፊት አቅጣጫ ምረጪ።

የኢትዮጵያዊውን አርቲስት የኤልያስ ስሜን «ታይትሮፕ» የተባሉ ሥራዎች አይተሽ ከሆነ ነገሩ ይገባሻል። ከሩቅ የተሸመነ ምንጣፍ ወይም ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላሉ፤ ቀርበሽ ስታዪ የተጎነጎነ ሽቦና የኮምፒውተር ቦርድ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ቢየናሌ (ጣሊያን የሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ) ድረስ የዘለቀው ይህ ሰው ግን ከሽቦው በፊት በመርፌና በክር ሸራ ላይ ይሰፋ ነበር። እጁ መጀመሪያ ስፌት ተማረ ማለት ነው። አንቺም መርፌ ያዢ።

ለጀማሪ የኔትወርክ ኬብል የሚያክል የለም። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ እያንዳንዱ ከነጭ ጓደኛው ጋር ተጠማዞ። ያንን ጥምዝ አትፍቺው! ተፈትሎ የመጣልሽ ክር ነው። መዳቡ አንድ ወጥ የሆነውን ውሰጂ፤ ከብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተገመደው ለስላሳው ስታጥፊው ተመልሶ ይቃናል። መርካቶ ምናለሽ ተራ በኪሎ ያገኙልሻል፤ የሚተምኑት መዳቡን አስበው ስለሆነ ግን ቀለም መምረጥ ስትጀምሪ ፊታቸው ይለወጣል። ኔትወርክ የሚዘረጉ ልጆችን ቁርጥራጭ ብትለምኚ ይሻላል፣ እኔ አብዛኛውን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ሙጫ ብቻ አትመኚ፤ የኔ ክረምቱን አልፎ በጋ ሲገባ ተላቀቀ። ኮምፔንሳቶ ላይ በትንንሽ ሚስማር እየጠመጠምሽ አስይዢ። ማዘርቦርዱን እንደ ቀሚስ ጥልፍ ቁጠሪው፣ ጥቂት ቦታ ብቻ። ስትቆርጪው አቧራው እንደ ክር የቀጠነ የመስታወት ብናኝ አለበት፤ ማስክ አድርጊ፣ ደጅ ሥሪ። የድሮ ቦርድ ብየዳ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ከነካሽው በኋላ እጅሽን ሳትታጠቢ እንጀራ አትቁረሺ። ሽቦ ለመላጥ ብለሽ በጭራሽ አታቃጥዪ፣ ጭሱ መርዝ ነው፤ ደግሞስ ቀለሙ ከነደደ ምን ይቀርሻል? ባለ ሆዱን አሮጌ ቴሌቪዥን ደግሞ ራስሽ አትክፈቺ፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ለጊዜው 30 በ30 ሴንቲ የሆነች አንዲት ቁራጭ፣ በአንድ ቀለም ብቻ ሞክሪ። ከመስኮት ጎን አንሺና ፎቶውን እዚሁ ጣዪልን።